የእናትህ ቤት ፍልሰታ

ይድረስ ለቫርጊስ፣ ለሆዴ፤

በአንተ ዘንድ ሰላምታ እንዴት እንደሚቀርብ አላውቅም፤ ስለዚህ እዚህ እንደለመድነው እንደምን ሰንብተሃል ልበልህ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ጥምቀት ሲደርስ ይሞላል። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ የምለው አጥቼ አይደለም፤ መቃብርህ ቅርብ ስለሆነ ነው። ከሥራ ስወጣ መኪናዬን ዳር አስይዤ፣ ሣሩ ላይ ቆሜ፣ የልቤን ተናግሬልህ ወደ ቤቴ እገባለሁ። የዛሬው ግን ቆመው የሚናገሩት ዓይነት አልሆነልኝም፤ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እናትህ አረፉ። ወንድምህ ጆይ ደውሎ ነገረኝ። በእኛ ደንብ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር ያንኳኳል፣ ሐዘንተኛውም ገና ፊታቸውን ሲያይ ይረዳል። ጆይ ይህን ከየት ያውቀዋል። የሆስፒታሉ ኪችን ውስጥ ለበሽተኞች የምሳ ትሬይ እየደረደርኩ ሳለ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ አነሳሁት፤ እናታችሁን በምትጠሩበት ስም "አማቺ ኢዝ ጎን" አለኝ፤ በቃ። ጓንቴን ሳላወልቅ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ሱፐርቫይዘሬ ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ፤ የባሌ እናት አልኳት። አይዞሽ ብላ የቀረውን ትሬይ ራሷ ገፋችልኝ።

አንተማ ከእኔ ቀድመህ ሰምተሃል። ምናልባት ይህን ስጽፍ አጠገብህ ተቀምጠው ስለ እኔ እየነገሩህ ይሆናል። እሳቸው የሚሉህን ይበሉህ፤ የእኔንም ደግሞ ስማ። አንተ የማታውቀው ነገር አለ። አንተ ከሞትክ በኋላ እኔና እናትህ ተኳርፈን ነበር፤ የኩርፊያው ምክንያትም አንተው ነህ።

ባረፍክ ማግስት ጆይ ደውሎ የአማቺን ቃል ነገረኝ። አስከሬኑ አገሩ ኬረላ ይምጣ፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ የቤተሰቡ መቃብር አለ፤ አባቱ እዚያ ናቸው፤ ከአባቱ ጎን ያለው ቦታ የእሱ ነው አሉኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ሶስና አባቷን ለመጎብኘት አውሮፕላን የምትሳፈር ልጅ እንድትሆን አልፈለግሁም። ለራሴም አልፈለግሁም፤ ከሃያ ዓመት በላይ አብሮኝ የኖረን ሰው ሸኝቼ ከደለስ ኤርፖርት ባዶ እጄን ልመለስ? ዛሬም ብትጠይቀኝ ያንኑ ነው የምመልስልህ። እናትህ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ስልክ ላይ አልመጡም። ጆይና ሚስቱ ሊሲ ይደውሉልኛል፤ አማቺን አገናኙኝ ስል አንዴ ተኝተዋል፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል እባላለሁ። ሳላቸው ግን ከኋላ ይሰማኛል። ልጃቸውን ቀምታ የሰው አገር አፈር ውስጥ የደበቀች ሴት አድርገው እንደያዙኝ ገባኝ። አንተን አጥቼ ሳለሁ እሳቸውንም ደርቤ ማጣቴ እጅግ ከበደኝ።

የቤታችንን ነገር ልንገርህ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤት እንዳለ ነው። ሶስና ኮሌጅ ገብታለች፤ የምታድረው ዶርም ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የልብስ ክምሯን ታቅፋ ትመጣለች፣ ከእኔ ይልቅ ላውንድሪው የናፈቃት ይመስለኛል። የካሪ ቅጠል ተክልህ አልሞተም። ብርድ ሲገባ ወደ ሳሎን፣ ሲሞቅ ወደ በረንዳ እያመላለስኩት ነው፤ አንተ እንደምትቆጣው እቆጣዋለሁ። የተበላሸው የገበታው ነገር ነው። ትልቁን ትሪ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩት። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ለሚበሉ በሽተኞች ትሬይ ሳዘጋጅ ውዬ፣ ቤቴ ስገባ እኔም እንደነሱ ብቻዬን፣ ያውም ቆሜ፣ ሲንኩ አጠገብ እበላለሁ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። እኔ አማራጭ አግኝቼ ይመስል።

ያን ትሪ የገዛነው እዚሁ ማዶ አሌክሳንድሪያ ሳለን ነው፤ ታስታውሳለህ። አንተ የሆስፒታሉን ማሽን የምትጠግን ዝምተኛ ሕንዳዊ፣ እኔ ከኪችን የማልወጣ ለፍላፊ ነበርን። መጀመሪያ ቀን ቤቴ ጠርቼህ፣ ዶሮውን አቅርቤ፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፍህ ስዘረጋ ወንበርህን ይዘህ ወደ ኋላ ሸሸህ። በኋላ አፍህን ከፈትክና እንደ መድኃኒት ዋጥካት። እኔ ጠላኝ ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ከወራት በኋላ ነው የነገርከኝ፤ እናንተ ዘንድ ሰው ከሌላው ገበታ አይነካም፤ አንዱ በሌላው አፍ እጁን አያስገባም፤ ይህን የምታደርግ እናት ብቻ ናት፣ ያውም ለሕፃን ልጇ። "ከእናቴ በቀር ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም" አልከኝ። እንግዲያው ሁለት ሆነናል አልኩህ። ከዚያማ ማን ይቻልህ፤ እኔ ረስቼ ብቻዬን ስጎርስ አፍህን ከፍተህ የምትጠብቅ አንተ ሆንክ።

ኬረላ እንሄዳለን እንዳልክ ሞትክ። አባትህ ሲያርፉ ብቻህን በሩጫ ሄደህ መጣህ፤ ከዚያ የቤቱ ሞርጌጅ፣ የሶስና ትምህርት፣ በመጨረሻም ሕመምህ መጣ። እናትህን በስልክ እንጂ በዓይኔ አላየኋቸውም ነበር። ባለፈው የእዚህ አገር በጋ ሶስና ኪችን ቆሜ ስበላ አገኘችኝና ለረጅም ጊዜ አየችኝ። "ማሚ፣ አማቺ ኢዝ ኦልድ" አለችኝ፣ "ኢፍ ኖት ናው፣ ዌን?" ቲኬቱን እሷው ቆረጠች። ትምህርቷ ከመከፈቱ በፊት የቀረን ጊዜ የኦገስት አጋማሽ ብቻ ነበርና ጉዞው ፍልሰታ ላይ ወደቀ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የአንተ ነው። የእናንተ ቤተ ክርስቲያንና የእኛ እህትማማች ናቸው፤ ፍልሰታን ሁለታችንም እንጾማለን፤ ቀን መቁጠሪያችን ግን አይገናኝም። እናንተ በኦገስት መባቻ ጀምራችሁ በእኩሌታው ትፈታላችሁ፤ እኛ ሳምንት ዘግይተን እንጀምራለን፣ ሳምንት ዘግይተን እንፈታለን። አንተ ደግሞ ሁለት ሴት ላለማስቀየም ስትል በየዓመቱ ታጭበረብር ነበር። እናትህ ሲደውሉ ጾሙን ጀምረናል ትላቸዋለህ፤ የስልኩ ድምፅ ሳይጠፋ እንቁላልህን ትጠብሳለህ። እሳቸው ሲፈቱ እኛም ፈታን ትላቸዋለህ፤ እኔ አጠገብ ተቀምጠህ ሽሮህን ትበላለህ። እኔ እስቅብህ ነበር። ያ ቀልድህ አንድ ቀን እናትህ ደጅ ላይ ጠብቆ እንደሚይዘኝ አላወቅሁም።

የደረስነው በበዓላቸው ዕለት ነው። ዝናቡ የእኛው የነሐሴ ዝናብ ነው፤ አፈሩ ቀይ፣ ቤቱ በኮኮናት ዛፍ የተከበበ፣ ልክ እንዳወራኸኝ። ጆይ ከኤርፖርት አመጣን፤ ሊሲ በዣንጥላ ተቀበለችን። አማቺ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። በፎቶ ከማውቃቸው አጠር ያሉ፣ ነጭ የለበሱ፣ የአንተ ቅንድብ ያላቸው። ሶስናን አቅፈው አናቷን አሸተቷት፣ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። ወደ እኔ ሲዞሩ እንባቸውን ጠርገው ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ገቡ። ይኸው ነው።

ገበታው ተዘጋጅቶ ነበር፤ እኛን ጠብቀው አብረውን ሊፈቱ። በኮኮናት ቁርጥራጭ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ በቀይ ወጥ የተሠራ ዓሣ፣ ዳክዬ፣ ዳር ዳሩ ሳሳ ብሎ መሐሉ የወፈረ ነጭ የሩዝ ቂጣ ሁሉ ቀርቧል። ሊሲ ከመንጋቱ በፊት ተነስታ እንደሠራችው ነገረችን። የሙዝ ቅጠሉ ፊቴ ተነጠፈ፤ ጆይ ሥጋውን በጭልፋ አነሳ። ጾመኛ ነኝ አልኩ።

ጭልፋው አየር ላይ ቀረ። ጆይ በትሕትና ጾሙ እኮ ዛሬ ተፈታ አለኝ። የእኛ ገና ሳምንት ይቀረዋል አልኩት። ቫርጊስ አንድ ነው ይለን ነበር አለ። ቫርጊስ ብዙ ነገር ይላል አልኩ፤ ሶስና በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። ዓሣስ አለኝ፤ ከእኛም ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን ከነሱ አይደለሁም አልኩት። ሊሲ ለአማቺ ተረጎመችላቸው። አማቺ የእጃቸውን ማጠቢያ እንደያዙ ቆመው ሰሙ፤ እኔን አዩኝ፤ አንድ አጭር ነገር ተናግረው ወደ ማዕድ ቤት ሄዱ። ምን አሉ ብዬ ሊሲን ጠየቅኋት። ምንም፣ የምትበዪውን ሊሠሩልሽ ነው አለችኝ። ዓይኗን ስትሰብር አይቻታለሁ፤ ያልነገረችኝ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ። ከምድር ማዶ መጥቼ በመጀመሪያው ቀን ገበታቸውን መለስኩባቸው፤ ልጃቸውን ነሣኋቸው፣ አሁን ደግሞ ምግባቸውን አልቀበል አልኩ። በልቤ ያሰብኩት ይህንን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያበሉኝን ልንገርህ። እንዲህ ያለ ምግብ በሕይወቴ አልበላሁም። ተቀቅሎ በኮኮናት የተመታ ካሳቫ፣ ቀይ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ከዘይት ጋር ተወቅጦበት። ጥቁር ሽምብራ በተቆላ ኮኮናት፤ ሽታው ሽሮ ሲንተከተክ የሚሸተውን ሽታ ይመስላል። የሙዝ እምቡጥ ተከትፎ እንደ ጎመን። የዱባ ወጥ በኮኮናት ወተት። አንተ ሀያትስቪል ካለው የሕንዶች ግሮሰሪ እየገዛህ "ይህ እኮ ያኛው አይደለም" እያልክ የምታዝንበት ሁሉ እዚያ "ያኛው" ሆኖ አገኘሁት። በጣም ይጣፍጥ ነበር። ቀምሼ ቀና ስል አንተን እፈልግሃለሁ፣ ይኸው ደረስኩበት ልልህ። መጣፈጡ አናደደኝ። ሐዘንተኛ ሰው እንዲህ ይጣፍጠዋል እንዴ?

ዘመዶችህ ደግሞ በየተራ ጠሩን። የአጎትህ ቤት፣ የአክስትህ ቤት፣ አብሮህ ያደገው ጎረቤት ቤት፣ የትም ስንሄድ ቅጠል ይነጠፋል። እኔ ከመድረሴ በፊት ወሬዬ ይደርሳል፤ ምንም ሳልናገር ለእኔ ቅቤና እርጎ ያልነካው ለብቻው ተሠርቶ ይቀርባል። ማን እንደሚነግራቸው አላውቅም ነበር። ሶስና ሥጋውንም ዳክዬውንም ለሁለታችን በላችው፤ ጾም የት ሄደ ስላት "ማሚ፣ አይም ኦን ዳዲስ ካሌንደር" አለችኝ። የአባቷ ልጅ። ጆይ እያየ ይስቃል፤ እኔን ቅጠል በሊታ ብሎ ሰየመኝ።

እናትህ ግን አንድ ቀን እንኳ አብረውኝ አልተቀመጡም። የቤቱ ሰው ሁሉ በቀትር ይበላል፤ እኔ ግን ቅዳሴ እስኪወጣ የመጾም ልማድ ስላለኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ዘጠኝ ሲሆን አማቺ ቅጠሌን ያነጥፋሉ፣ ከኋላዬ ይቆማሉ፣ ጭልፋቸውን ይዘው። ቅጠሉ ላይ ባዶ ቦታ ባዩ ቁጥር ይጨምራሉ። በቃኝ ብዬ እጄን ስዘረጋ እጄን አልፈው ያፈሳሉ። አንድም ቀን ፈገግ አላሉም። ስጨርስ ቅጠሉን አንስተው ይሄዳሉ። እኛ አገር ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ ፍትፍቱን እንደ ጉድ እየሰጡ ፊታቸውን ከለከሉኝ ብዬ ደመደምኩ። ማዕድ አብሮ ያልቆረሰ ሰው ይቅር አላለም። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው።

ለሶስና ነገርኳት። እዚህ ደንቡ ነው፣ ባለቤት እንግዳውን አብልቶ ነው የሚበላው፣ ሪላክስ አለችኝ። ታዲያ ሊሲ ከአንቺ ጋር ተቀምጣ እየሳቀች ትበላ የለም ወይ አልኳት። ደንብ ቢሆንማ እንግዳ ሲሰነብት ከወርቅ ወደ ብር ይወርዳል፣ አንድ ቀን ረስተው አጠገቤ ቁጭ ይሉ ነበር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያናችሁ ሄድን። ጫማ አውልቀን ገባን፤ ሴቶቹ ሁሉ ተከናንበዋል፤ ዜማው ሌላ ነው፣ ቋንቋው አይገባኝም፣ ግን መሐል ላይ ኪርያላይሶን ሲሉ የማውቃት ቃል መጣችና አብሬያቸው አልኩ። አማቺ ጎኔ ቆመው ነበር፤ ስንበረከክ ክንዴን ያዙኝ፣ ስንነሳ ለቀቁኝ። ከቅዳሴ በኋላ እኔን ብቻ ወደ ጀርባው ወሰዱኝ። የቤተሰቡ መቃብር ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። የአባትህን ስም ዳሰሱ፤ ከዚያ ምንም ያልተጻፈበትን ጎኑን መታ መታ አደረጉት፣ ለሚመጣ ሰው መቀመጫ እንደሚያሳይ ሰው። እኔ ከቋንቋችሁ ከማላያላም የማውቀው አንተ ስትናደድ የምትላትን አንዲት ቃል ነው፣ እሷም መቃብር ላይ አትነገርም። ዝናቡ ሲጀምር ነጠላዬን ከፍቼ ሁለታችንን አለበስኩ። ከሥሩ አልወጡም፤ ወደ እኔም አልተጠጉም።

የመሄጃችን ዋዜማ የእኛ ፍልሰታ የሚፈታበት ቀን ነበር። ማለዳ ስነቃ ከማዕድ ቤት ድስት ይሰማኛል። ታጥቤ ስወጣ ገበታው ተዘርግቷል፤ ልክ የመጀመሪያው ቀን የነበረው፣ ሥጋው ከነኮኮናቱ፣ ቀዩ ዓሣ፣ ዳክዬው። ቅጠሎቹ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፣ ጎን ለጎን። አማቺ አንደኛው ፊት ተቀምጠው ሌላኛውን በእጃቸው አሳዩኝ። ተቀመጥኩ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ሊሲን አየኋት፣ ሊሲ ታለቅሳለች።

አሁን እንድነግርሽ ተፈቅዶልኛል አለችኝ። ያን ቀን ጾመኛ ነኝ ስትዪ አማቺ የተናገሩት "እንግዲያው እኔም ገና ነኝ" የሚል ነው። እሳቸውም እናንተን ሲጠብቁ ገና ምንም አልቀመሱም ነበር፤ እንደዚያው ቀጠሉ። የራሳቸውን ጾም ጨርሰው የአንቺን ያዙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ይቆያሉ፤ አንቺን አብልተው፣ ቅጠልሽን አንስተው፣ ማዕድ ቤት ገብተው ከዚያው ካንቺው ድስት ይበላሉ። ስኳር አለባቸው፣ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ እኔና ጆይ ተው ብለን ተጣላናቸው። ምራቴ በእኔ ቤት ብቻዋን አትጾምም አሉን። በየዘመዱ ቤት እየደወሉ የምትበዪውን የሚያዝዙትም እሳቸው ናቸው። ለአንቺ እንዳንነግርሽ ደግሞ አስማሉን፤ ካወቀች ስለ እኔ ብላ ትፈታለች ብለው።

ቫርጊስ፣ እኔ ያን ሁሉ ቀን ፊታቸውን ስፈልግ ነበር። ፊታቸው ድስቱ ውስጥ ነበር።

መልስ ልሰጥ ስል አማቺ እጃቸውን አነሱ። ሊሲን ጠሯት፣ አንድ ነገር እንድትጠይቀኝ። ሊሲ ለመተርጎም ጊዜ ወሰደባት። ስለ መቃብር ይጠይቁኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ያንን አልነበረም። ልጄን በመጨረሻ ያጎረሰው ማን ነው፣ ማሽን ነው ሰው፣ ይህን ንገሪኝ ነው ያሉት።

እኔ ነኝ አልኳቸው። ነገርኳቸው። ምንም አልወርድ ሲልህ የእናቴ የሩዝ አጥሚት ነው የሚያምረኝ ማለትህን፤ ሊሲን ደውዬ ጠይቄ መሥራቴን፤ ማንኪያው ብረት ብረት ይለኛል ብለህ እምቢ ማለትህን፤ በጣቴ እየጨለፍኩ ከንፈርህ ላይ ማድረጌን። ጥቂት ቀመስክ። እንደ እሷ አይደለም አልከኝና ሳቅህ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አፍህ አልገባም። ይህን ለሰው አውርቼው አላውቅም ነበር። ሊሲ እየተረጎመች ሳለ አማቺ ጣቴን አዩ፤ ፊቴን አይደለም፣ ይህችን ጣቴን ነው ያዩት፣ ብዙ ጊዜ።

ከዚያ ዓሣውን ሳቡ። እሾሁን አንድ በአንድ ለቀሙ፣ ከሩዙ ቂጣ ጋር በእጃቸው ለወሱት፣ አድቦልቡለው አጎረሱኝ። አንተን አሌክሳንድሪያ ላይ ያሸሸህ ጉርሻ በእናትህ እጅ ተመልሶ መጣ። አለቀስኩ፣ እያኘክሁ። ዋጥኩና ለሊሲ በእኛ ዘንድ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት መሆን አለበት ብለሽ ንገሪያቸው አልኳት። አማቺ ሰሙና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ የአንተው ፈገግታ ነው፣ በአንድ በኩል የምትወጣው። መጣላቱንማ ተጣልተናል፣ ይበቃናል አሉ፤ ሁለተኛውን አድቦለቦሉ። እኔም በተራዬ ከቅጠሌ ጠቅልዬ ዘረጋሁ። ሊሲ ትንፋሿን ያዘች፤ በዚያ ቤት ይህ አይደረግም። እናትህ አፋቸውን ከፈቱ።

ስንሰነባበት ስለ መቃብሩ አንድ ቃል አነሱ። ያ ባዶ ቦታ ከእንግዲህ የእኔ ነው፣ ልጄ አንቺ ዘንድ ይቆይ አሉኝ። እጄን ይዘው ነበር ያሉት። እኔም ለሚቀጥለው ፍልሰታ እመጣለሁ አልኳቸው፤ በሁለቱም ቀን መቁጠሪያ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አብረን። ጣታቸውን እያወዛወዙ እንዳትቀሪ አሉኝ።

ይኸው ያ ቦታ ሞላ። አሁን እዚያ ከአባትህ ጎን ናቸው። እኔ እዚህ እንደገና ጥቁር ለበስኩ። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ፣ የባልሽ እናት ነበሩ አሉ አይደል፣ አግኝተሻቸው ታውቂ ነበር ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ፤ ከዚያ በላይ ምን እላለሁ። አንድ ነገር ግን አልተወኝም። ያ ሳምንት ጾም ጎድቷቸው ይሆን? ሊሲን ጠይቄያታለሁ፤ ልባቸው ቀድሞም ደካማ ነበር፣ ከአንቺ ጋር አይገናኝም፣ እንዲያውም ከሄዳችሁ በኋላ ደስ ብሏቸው ሰነበቱ አለችኝ። ሊሲ ግን ደግ ናት፤ ደግ ሰው እንዲህ ሲል ሙሉ በሙሉ አይታመንም። አንተ እሳቸውን ጠይቅልኝ። መልሱን ልትልክልኝ እንደማትችል አውቃለሁ፣ ብቻ ጠይቅልኝ።

ትሪውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄዋለሁ። ቆሜ መብላት ትቻለሁ፤ ብቻዬን ስሆንም ቁጭ ብዬ ነው። ቅዳሜ ሶስና ስትመጣ ያንን ጥቁር ሽምብራ እንሠራለን፣ ከተክልህ ቅጠል እየቀነጠስን። እንደ እሳቸው አይደለም፤ ሁለታችንም እናውቃለን፣ እንበላዋለን። አንድ ጉርሻ ስሰጣት ሁለተኛውን ራሷ ትጠይቀኛለች።

ቃል የገባሁትንም አልተውም። ኬረላ ባልሄድም እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በኦገስት መባቻ፣ የእኛ ሰው ገና ሥጋውን ሲበላ፣ እኔ ከእናትህ ጋር እጀምራለሁ። እሳቸው በሚፈቱበት ቀን አልፈታም፤ የራሴን ጨምሬ እጾማለሁ፣ እሳቸው እንደጾሙልኝ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ የመጀመሪያዋ ሳምንት የእሳቸው ናት። አንተንም እሳቸውንም የማስባችሁ በዚህ ነው፤ ሌላ ሐውልት አላቆምም። የዚያን ዕለት ጧት እንቁላል ስትጠብስ እንዳላይህ።

በል ደህና ሁን፣ ሆዴ። አማቺን በሁለቱም ጉንጫቸው ሳምልኝ፤ ገበታ ቀርቦ እኔን የሚጠብቁ ከሆነ ግን አይጠብቁኝ፣ ይብሉ። እሷ ገና ናት በላቸው።